የእንጨቱ ማዳመጫና ባለቤቱ፦ የሬኔ ላኤኔክ ሕይወት

በሞተር ጥገና ላይ የኖረ መካኒክ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዘዴ አለ። የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥበት የካቻቢቴውን ጫፍ በሞተሩ አካል ላይ ያሳርፍና እጀታውን ወደ ጆሮው ያስጠጋል። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የተበላሸው ኩሽኔታ የትኛው እንደሆነ በብረቱ በኩል ለይቶ ይሰማል። ሞተሩን ሳይፈታ ውስጡን ያውቃል ማለት ነው። ይህ ሰው ሁለት መቶ ዓመት አልፎት በፓሪስ ከተማ አንድ ቀጭን፣ አጭርና ሕመምተኛ ሐኪም ያደረገውን ነገር በየቀኑ እየደገመው መሆኑን ምናልባት አያውቅ ይሆናል።

ያ ሐኪም ሬኔ ቴኦፊል ያሳንት ላኤኔክ ይባላል። ዛሬ በሐኪሞች አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የምናየውን ማዳመጫ ለዓለም ያበረከተው እርሱ ነው። የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች በምሕንድስናና በሌላ ሙያ ድንበር ላይ ስለ ሠራ አንድ ሰው እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ይህን ሰው የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የመሣሪያው አሠራር ከእኛ ሙያ ጋር ያለው ዝምድና ነው። ሁለተኛው ከቤተሰቤ የመጣ ጉዳይ ሲሆን እርሱን በቦታው አነሣዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ላኤኔክ በየካቲት 17 ቀን 1781 በፈረንሳይ ምዕራባዊ ጠረፍ በብሪታኒ ክፍለ ሀገር፣ ካምፔር በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ባለሙያ ነበር፤ ዳሩ ግን ከሥራው ይልቅ ግጥም መግጠም የሚወድ፣ ኑሮውን አደላድሎ መምራት ያልቻለ ሰው ነበር። እናቱ ሕፃኑ 5 ዓመት ሲሆነው ሞተች። የገደላትም የሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን እንዳልቀረ ይገመታል። ይህ በሽታ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የላኤኔክን ቤት ደጃፍ የለቀቀበት ጊዜ አልነበረም።

አባትየው ልጆቹን ማሳደግ ስላልቻለ ሬኔና ወንድሙ በ1788 ናንት ከተማ ወደሚኖረው አጎታቸው ወደ ጊዮም ላኤኔክ ተላኩ። ጊዮም የታወቀ ሐኪምና የሕክምና መምህር ነበር። በዓመቱ የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። የአጎትየው ቤት የሞት ቅጣት ወደሚፈጸምበት አደባባይ የሚመለከት ስለ ነበር ብላቴናው የጊዮቲኑን ሥራ ከመስኮት ሆኖ ለማየት በሚችልበት ስፍራ አደገ። በ14 ዓመቱ በናንት ሆስፒታል በአጎቱ ሥር ሆኖ ቁስል ማጠብና በሽተኛ መጠበቅ ጀመረ። ከዚህ ሌላ ግሪክኛ ይማር፣ ዋሽንት ይነፋ ነበር። ይህ የጆሮ ልምምድ በኋለኛው ሥራው እንደ ጠቀመው ብዙዎች ያምናሉ።

በ1801 ፓሪስ ገብቶ በሕክምና ትምህርት ቤቱ ተመዘገበ። ከመምህራኑ ዋነኛው የናፖሊዮን ሐኪም የነበረው ዣን ኒኮላ ኮርቪዛር ነበር። ኮርቪዛር በዚያ ዘመን ተንቆ የነበረ አንድ ዘዴ ይጠቀም ነበር፤ ይኸውም የሕመምተኛውን ደረት በጣት እያንኳኩ ከድምፁ ውስጡን መገመት ነው። የዘዴው ፈልሳፊ ኦስትሪያዊው ሐኪም ሊዮፖልድ አውንብሩገር መጽሐፉን በ1761 ቢያሳትምም የሰማው አልነበረም። ይህ ሰው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ነበርና ዘዴውን ያገኘው በርሜል እየተንኳኳ የወይኑ ልክ ሲታወቅ አይቶ ነው ይባላል። የጠላ ጋን አንኳኩተው የቀረውን ለሚያውቁት እናቶቻችን ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም። ኮርቪዛር መጽሐፉን ወደ ፈረንሳይኛ ተርጉሞ በ1808 አሳተመው።

ላኤኔክ በትምህርቱ ጎበዝ ነበር። በ1803 በሕክምናም በቀዶ ሕክምናም አንደኛ ሽልማት አገኘ፤ በ1804 ተመረቀ። ነገር ግን የሚመኘው የሆስፒታል ሹመት ለረጅም ጊዜ አልመጣለትም። በ1810 ከእርሱ ጋር ያደገው ወንድሙ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። የቅርብ ጓደኛውና የሥራ ባልደረባው የነበረው፣ በዚሁ በሽታ ላይ 900 አስከሬኖች መርምሮ መጽሐፍ የጻፈው ጋስፓር ቤል ደግሞ በ1816 በዚያው በሽታ ተቀጠፈ። ላኤኔክ ራሱም ከወጣትነቱ ጀምሮ ያስለው፣ ትንፋሽም ያጥረው ነበር።

የወረቀቱ ጥቅል

በዚያው በ1816 ላኤኔክ በፓሪስ የኔከር ሆስፒታል ሐኪም ሆኖ ተሾመ። አንዲት የልብ ሕመም ምልክት ያለባት ወጣት ሴት ወደ እርሱ መጣች። ሰውነቷ ወፍራም ስለ ነበር ማንኳኳቱም በእጅ መዳሰሱም ብዙ አልጠቀመም። ጆሮን በቀጥታ ደረት ላይ አሳርፎ ማዳመጥ ጥንትም የታወቀ ዘዴ ቢሆንም በዕድሜዋና በሴትነቷ ምክንያት ነውር ሆኖ ታየው። በዚህ ጊዜ አንድ የታወቀ የድምፅ ጠባይ ትዝ አለው። ረጅም እንጨት በአንድ ጫፉ በመርፌ ሲጫር በሌላው ጫፍ ጆሮውን ያሳረፈ ሰው ጭረቱን አጥርቶ ይሰማል። የምድር ባቡር ሐዲድ ላይ ጆሮውን አሳርፎ የባቡሩን መምጣት የጠበቀ ልጅም ይህን ያውቃል።

ላኤኔክ የወረቀት ደብተር አነሣና አጥብቆ ጠቀለለው። አንዱን ጫፍ በልቧ ላይ፣ ሌላውን በጆሮው ላይ አደረገ። የልቧን ምት ጆሮውን በቀጥታ አሳርፎ ከሰማው ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ ጥርት ብሎ ሰማው። ለነውር ሲባል የተፈጠረው ርቀት የድምፁን ጥራት ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም።

እዚህ ላይ የእኛ ሙያ ሰው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ላኤኔክ ባገኘው ነገር ተደንቆ አልቆመም፤ ወደ ሙከራ ገባ። በጣም ጥቅጥቅ ያሉትንም እጅግ ቀላል የሆኑትንም ነገሮች ሞከረ፤ እንደ እንጨት ያለ መካከለኛ ጥቅጥቅነት ያለው አካል ከሁሉ የተሻለ መሆኑን አረጋገጠ። በመጨረሻም በቶርኖ ላይ በገዛ እጁ የእንጨት ማዳመጫ አወጣ። ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ውፍረቱ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን በመካከሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የዘለቀ ቀጭን ቀዳዳ አለው። ለመያዝ እንዲመች ከመካከሉ ለሁለት ይከፈላል። በታችኛው ጫፍ በኩል እንደ ማቀባበያ የሰፋ ጎድጓዳ ሲኖረው በዚህ ውስጥ የሚገባ የእንጨት ውታፍ ተሠርቶለታል። የልብን ምትና የሰውን ድምፅ ለመስማት ውታፉ እንዳለ ይሆናል፤ ትንፋሽን ለማዳመጥ ሲፈለግ ግን ይወጣል።

የዚህ ምክንያት ዛሬ ለእኛ ግልጽ ነው። ከሥጋ ወደ አየር የሚሻገር ድምፅ አብዛኛው በድንበሩ ላይ ይንጸባረቃል፤ የሁለቱ ጥቅጥቅነትና ድምፅ የማሳለፍ ጠባይ እጅግ የተራራቀ ነውና። ስለዚህ ከደረት የሚወጣው ጥቂት ኀይል በክፍሉ አየር ውስጥ ከመበተኑ በፊት ተሰብስቦ ወደ ጆሮ መድረስ አለበት። የሰፋው ጎድጓዳ ይሰበስበዋል፣ የአየሩ ዓምድ ያደርሰዋል፣ እንጨቱ ደግሞ የውጭውን ጫጫታ ይከለክላል። ላኤኔክ ስሌቱን አልሠራም፤ ነገር ግን ስሌቱ የሚሰጠውን መልስ በእጁና በጆሮው አገኘው።

ለመሣሪያው ስቴቶስኮፕ የሚል ስም ሰጠው። ቃሉ ደረትንና መመልከትን ከሚያመለክቱ የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። ደረትን በጆሮ መመልከት እንደ ማለት ነው። እርሱ ራሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲሊንደሩ እያለ ብቻ ይጠራው ነበር።

ከአልጋው እስከ አስከሬኑ ክፍል

መሣሪያ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያው የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ሌላ ነው። ከላኤኔክ በፊት በደረት ውስጥ የሚሰማውን ድምፅ ዓይነት በዓይነት ለይቶ ትርጉሙን ያስቀመጠ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከ1816 በኋላ ያሉትን ዓመታት የድምፅ መዝገበ ቃላት በማዘጋጀት አሳለፈ።

ዘዴው ቀላልና አድካሚ ነበር። በሽተኛው በሕይወት ሳለ ደረቱን በየስፍራው አዳምጦ የሰማውን ይጽፋል። በሽተኛው ከሞተ ወደ አስከሬኑ ክፍል ወርዶ ያንኑ ስፍራ ከፍቶ ያያል። የጻፈውንና ያየውን ያስተያያል። ለምሳሌ አንዳንድ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች ሲናገሩ ድምፃቸው ከአፋቸው ሳይሆን በቀጥታ ከደረታቸው ወጥቶ በሲሊንደሩ በኩል ወደ ጆሮው የሚገባ ይመስለው ነበር። እነዚህ ሕመምተኞች ሲሞቱ ድምፁ በተሰማበት ስፍራ ሳንባቸው ተበልቶ ዋሻ ሆኖ ተገኘ። ይህ ደግሞ ደጋግሞ በመታየቱ ከዚያ በኋላ ዋሻውን ለማወቅ ሞትን መጠበቅ አላስፈለገም። በእኛ ቋንቋ መሣሪያውን ከእውነተኛው ልክ ጋር አስተያየው፣ አስተካከለውም።

የዚህ ሥራ ውጤት በ1819 በሁለት ቅጽ ታትሞ ወጣ። መሣሪያውም ለመጽሐፉ ገዢዎች በጥቂት ተጨማሪ ዋጋ ይሸጥ ነበር። የሳንባ ምች፣ በሳንባ ዙሪያ የሚጠራቀም ውሃ፣ የሳንባ መነፋት፣ የትንፋሽ ቧንቧዎች መስፋት፣ እያንዳንዱ በየድምፁ ተለይቶ ተጻፈ። ከፈጠራቸው ቃላት ብዙዎቹ ዛሬም በሕክምና ትምህርት ቤት ይነገራሉ።

አቀባበሉ የተደባለቀ ነበር። ተማሪዎች ከብዙ አገር ወደ እርሱ ጎረፉ። በአንጻሩ በጊዜው ስመ ጥር የነበረው ፍራንስዋ ብሩሴ በብርቱ ተቃወመው። መጽሐፉን በ1821 ወደ እንግሊዝኛ የተረጐመው ጆን ፎርብስ እንኳ ሐኪሞች ይህን የእንጨት ቧንቧ በየዕለቱ ሥራቸው ይይዙታል ብሎ ለማመን ተቸግሮ ነበር።

ላኤኔክ ተሳስቶም ያውቃል። ሁለተኛውን የልብ ድምፅ የላይኞቹ የልብ ክፍሎች መኮማተር የሚያሰማው አድርጎ ገምቶ ነበር። ዛሬ ድምፁ የቫልቮች መዘጋት መሆኑ ይታወቃል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ መሆኑን ሳይቀበል መሞቱ ነው። የበሽታውን ባክቴሪያ ሮበርት ኮክ ያሳወቀው በ1882 ነው። በየቀኑ ደረታቸው ላይ ጎንበስ ብሎ ያዳመጣቸው ሕመምተኞችና ከፍቶ የመረመራቸው አስከሬኖች ምን ሊሰጡት እንደሚችሉ አላወቀም።

ቢጫው ጉበት

በዚያ ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ በግርጌ ማስታወሻ የተቀመጠ አንድ ነገር አለ። ላኤኔክ የአንድ ሕመምተኛ አስከሬን ሲመረምር ጉበቱ ተኮማትሮ አንሶ፣ ጠጥሮ፣ በጥቃቅን ጉብታዎች ተሸፍኖ አገኘው። ቀለሙም ወደ ቢጫ የሚያደላ ቡናማ ነበር። ይህን ቀለም ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ተነሥቶ በሽታውን ሲሮሲስ ብሎ ሰየመው። ጉብታዎቹን እንደ አዲስ እባጭ መቁጠሩ ስሕተት ነበር፤ ስሙ ግን ጸንቶ ቀረ።

ላኤኔክ የደረት ሐኪም ሆኖ ሳለ የጉበት በሽታ ስም አውጪ መሆኑ እንደ አጋጣሚ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለቱ ነገሮች እርሱ ባላሰበው መንገድ ተገናኙ። ከቤተሰቤ የመጣ ያልሁትን ጉዳይ ለማንሣት ቦታው ይህ ነው።

አንዲት አክስቴ በዕድሜያቸው ማምሻ እንግዳ ሕመም አገኛቸው። ተኝተው ሳሉ ደኅና ናቸው፤ ይጫወታሉ፣ ይስቃሉ። ተነሥተው ሲቀመጡ ወይም ሲቆሙ ግን ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ከንፈራቸው ይጠቁራል። ጀበናውን ጥደው ቡናው እስኪፈላ መቀመጥ አልቻሉም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የልብ ሕመም ተቃራኒው ነው፤ ልቡ የደከመ ሰው ሲተኛ ይታፈናል፣ ሲቀመጥ ይቀለዋል፣ ትራስ ይደራረብለታል። ስለዚህ ያመናቸው አልነበረም። ወደ ሁለት ዓመት ያህል በየሕክምናው ቤት ተመላለሱ። ደረታቸው ተደመጠ፣ ራጅ ተነሡ፣ የደማቸው ኦክስጅን ተለካ፤ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር አልተገኘም። የጭንቀት ሕመም ነው ተባለ። ከዘመድም ሥራ መጥላት ነው ያለ አልጠፋም። እኔም ራሴ እንዲህ ካሰቡት አንዱ እንደ ነበርሁ ሳልሸሽግ እጽፈዋለሁ።

ምርመራው ሁሉ የተደረገው በአልጋ ላይ ተጋድመው ነበር። አንድ ወጣት ሐኪም በመጨረሻ በጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያውን እንዳደረገ እንዲቆሙ ጠየቃቸው። ተኝተው 91 በመቶ የነበረው ቁጥር ጥቂት ደቂቃ ቆመው 82 ሆነ። መልሰው ሲጋደሙ ቁጥሩ ተመለሰ። ለሁለት ዓመት ሲናገሩት የነበረው እውነት መሆኑ በአምስት ደቂቃ ታወቀ።

ቆሞ የሚብስ የትንፋሽ ማጠር

ይህ ዓይነቱ ሕመም በሕክምና ጽሑፍ ከ1949 ጀምሮ የተገለጸ ሲሆን ፕላቲፕኒያ የሚለው ስም በ1969 ወጣለት። ሲቆሙ የደም ኦክስጅን መቀነሱ ደግሞ ኦርቶዲኦክሲያ ይባላል። ሐኪሞች ከተኙበት ወደ መቆም ሲለወጥ የኦክስጅኑ ሙሌት በ5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ፣ አለዚያም በደም ቧንቧ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት በ4 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ምልክቱ አለ ይላሉ። እዚህ ላይ ወሳኙ አንዱ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሁለቱ ልዩነት ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ስፍራ የጤነኛው ሰው ቁጥርም ከባሕር ጠረፉ ሰው ጥቂት ዝቅ ስለሚል ልዩነቱን መመልከት ለእኛ ይበልጥ ይጠቅማል።

ምክንያቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ግን አቋራጭ መንገድ በሚል አንድ ሐሳብ ይጠቃለላሉ። ደሙ በሳንባ ውስጥ ኦክስጅን ሳይቀበል ወይም በበቂ ሳይቀበል ወደ ግራው የልብ ክፍል ይሻገራል።

የመጀመሪያው አቋራጭ በልብ ውስጥ ነው። በማሕፀን ሳለን በሁለቱ የላይኛው የልብ ክፍሎች መካከል መተላለፊያ አለ፤ ከአራት አዋቂዎች በአንዱ ያህል ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ እንደ አንድ ወገን ቫልቭ ተጭኖ ስለሚኖር ጉዳት የለውም። ነገር ግን በዕድሜ ብዛት ትልቁ የደም ቧንቧ ሲሰፋ፣ ጀርባ ሲጎብጥ፣ ድያፍራም ወደ ላይ ሲነሣ ወይም አንዱ ሳንባ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ የልብ አቀማመጥ ይለወጣል። ሰውየው ሲቆም ከታች የሚመጣው ደም በቀጥታ ወደ ቀዳዳው ይመራል።

ሁለተኛው በሳንባ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው ክፍል፣ የደም ወሳጅና የደም መላሽ ሥሮች ያለ ጥቃቅን ቧንቧዎች በቀጥታ የሚገናኙበት ሁኔታ ነው። ሦስተኛው ከላኤኔክ ሲሮሲስ የሚመጣው ነው። ጉበታቸው በጠጠረ አንዳንድ ሰዎች የሳንባ ጥቃቅን የደም ቧንቧዎች ይሰፋሉ። በጤነኛ ሰው ከ8 እስከ 15 ማይክሮ ሜትር የሆነው ስፋት 100 ማይክሮ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ሰፊ በሆነ ቧንቧ መካከል የሚያልፈው ደም ከአየሩ ርቆ ስለሚፈስ ኦክስጅን ሳይጠግብ ያልፋል።

መቆሙ ለምን ያብሰዋል? መልሱ የውሃ ምሕንድስና የመጀመሪያ ትምህርት ነው። የሳንባ ቁመት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሰው ሲቆም በሳንባው ጫፍና ግርጌ መካከል የ30 ሴንቲ ሜትር የፈሳሽ ዓምድ ግፊት፣ ማለትም ወደ 22 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚጠጋ ልዩነት ይፈጠራል። ቀኝ ልብ ወደ ሳንባ የሚገፋበት አማካይ ግፊት ግን 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ በቆመ ሰው ደሙ ወደ ሳንባው ግርጌ ያደላል። የተበላሹት ቧንቧዎች በግርጌ ከሆኑ አቋራጩን የሚያልፈው ደም ይበዛል። ሲተኛ ደሙ ይከፋፈልና ጉድለቱ ይሸሸጋል።

እዚህ ላይ የላኤኔክ መሣሪያ ዝም ይላል። እንዲህ ያለው ፍሰት ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውምና። የማዳመጫውን ሥራ የተረከቡት ሁለት መሣሪያዎች ናቸው፤ ሁለቱም ከምሕንድስና ጋር የተዛመዱ ናቸው። ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ መሠረተ ሐሳብ በ1974 ያቀረበው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ ነው። የልብን እንቅስቃሴ በአልትራሳውንድ ማየት የተጀመረው ደግሞ በ1953 በስዊድን ሉንድ ከተማ ሲሆን ሐኪሙ ኢንጌ ኤድለርና የፊዚክስ ሊቁ ሄልሙት ሄርዝ በመርከብ መሥሪያ ለብረት ጉድለት መፈተሻ ይውል የነበረውን መሣሪያ ወደ ደረት አዞሩት።

ምርመራው እንዲህ ነው። በእጅ የደም ሥር በኩል ጥቃቅን የአየር አረፋ ያለበት የጨው ውሃ ይሰጣል። ጤነኛ ሳንባ አረፋዎቹን አጣርቶ ያስቀራል። አረፋዎቹ በቀኙ ልብ ከታዩ በኋላ በሦስት ምት ውስጥ በግራው ከታዩ ቀዳዳው በልብ ውስጥ ነው፤ ከሦስት ምት በኋላ ዘግይተው ከታዩ በሳንባ ውስጥ ነው። ምርመራው ሕመምተኛው ተጋድሞ ብቻ ሳይሆን ቀና ብሎም ሊደገም ይገባዋል። በልብ ውስጥ ያለው ቀዳዳ በደም ሥር በኩል በሚገባ መክደኛ ሊዘጋ ይችላል፤ የሳንባውን የሥሮች ግንኙነትም እንዲሁ መድፈን ይቻላል። ከጉበት የመጣውን ግን ከሥሩ የሚያድነው የጉበት ንቅለ ተከላ ነው።

የአክስቴ አረፋዎች ዘግይተው ታዩ። ጉበታቸው ሲመረመር ሳይታወቅ ለብዙ ዘመን ጠጥሮ ቆይቶ ነበር። ንቅለ ተከላው የሚሆን አልሆነም። ኦክስጅን ቤት ድረስ መጣላቸውና ቀለላቸው። በማግሥቱ ዓመት ዐረፉ። ሆኖም በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ሰነፍ ነሽ ያላቸው አልነበረም፤ እኔም እግራቸው ሥር ተቀምጬ ይቅርታ ጠይቄአለሁ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ወደ ላኤኔክ እንመለስ። መጽሐፉ በታተመበት ዓመት ጤናው ፈጽሞ ተናወጠ። ፓሪስን ለቆ በብሪታኒ ባሕር ዳር ወደሚገኘው ከርልዋርኔክ ወደሚባለው የገጠር ርስቱ ገባ። በዚያ ሁለት ዓመት ያህል አየር ለውጦና እርሻውን ተመልክቶ ጥቂት ሲያገግም ወደ ፓሪስ ተመለሰ። በ1822 በኮሌዥ ደ ፍራንስ መምህር፣ በ1823 በሻሪቴ ሆስፒታል የክሊኒክ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1824 የሌዥዮን ዶኔር ኒሻን ተሸለመ፤ በዚሁ ዓመት መጨረሻም ቤቱን ታስተዳድር የነበረችውን መበለት ዣክሊን አርጉን አገባ። ልጅ ግን አልወለዱም።

የመጽሐፉን ሁለተኛ እትም ለማዘጋጀት ቀንና ሌሊት ሠራ። እትሙ በ1826 ወጣ። በዚያው የጸደይ ወራት ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያዘው። ዘመዱ የነበረው ወጣት ሐኪም ሜሪያዴክ ላኤኔክ ደረቱን በእንጨቱ ማዳመጫ አዳመጠው። የሰማውም ድምፅ ላኤኔክ ራሱ በመጽሐፉ የተረጐመው፣ ተማሪዎቹን ሁሉ ያስተማረው፣ የዋሻው ድምፅ ነበር። በመሣሪያው ያልተታለለ ሰው በመሣሪያው ሊጽናና አይችልም።

በግንቦት ማብቂያ ከፓሪስ ወጥቶ ወደ ርስቱ ተጓዘ። በነሐሴ 13 ቀን 1826 በ45 ዓመቱ ዐረፈ። በመጨረሻዋ ቀን፣ ሌላ ሰው እንዳይቸገር ሲል ቀለበቶቹን ከጣቶቹ አንድ በአንድ እንዳወለቀ ይነገራል። በኑዛዜው ለሜሪያዴክ ከተዋቸው ነገሮች ሁሉ የላቀ አድርጎ የቆጠረው ማዳመጫውን ነበር።

ከዚህ ሕይወት ለእኛ ምን ይተርፋል? ላኤኔክ አዲስ መሣሪያ ቢያገኝም ከሕመምተኛው አልራቀም፤ መሣሪያው ይበልጥ አቀረበው። የሰማውን ሁሉ ባየው ፈተነ። ባላየው ነገር ደግሞ ተሳሳተ። የሚያፈስ ጣሪያ በበጋ ተፈትሾ ደኅና ነው እንደማይባል፣ ፓምፕም ጭነት ሳይሸከም ደኅና ነው እንደማይባል ሁላችን እናውቃለን። የአክስቴ ሕመም ለሁለት ዓመት የተሰወረው መሣሪያ ጠፍቶ አልነበረም፤ ጉድለቱ በሚታይበት ሁኔታ የለካ ሰው ጠፍቶ ነው፤ ከዚያም በፊት ስቆም ነው የሚብስብኝ ያሉትን የሰማ ጆሮ ጠፍቶ ነው። ማሽኑ ችግር የለበትም ብለን ሪፖርት ከመፈረማችን በፊት፣ ማሽኑን በየቀኑ የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ የሚለውን እንስማ። ላኤኔክ ያንን ወረቀት የጠቀለለው ለመስማት ብሎ ነበር።